መጽሐፍ መምህር በሆነበት አዳራሽ

የሲኮች የጸሎት ቤት ጉርድዋራ ይባላል። ወደ ዋናው አዳራሽ የገባ ሰው የሚሰገድለት ሥዕል ወይም ሐውልት አያገኝም። ከፊት ለፊት፣ ከወለሉ ከፍ ባለ መድረክ ላይ፣ በድባብ ሥር፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ በትራሶች ላይ ተቀምጧል። ሲነበብ ይገለጣል፤ ሳይነበብ ሲቀር ሩማላ በሚባል ያጌጠ ጨርቅ ይሸፈናል። ከኋላው የተቀመጠው አገልጋይ ነጭ ጭራ ይዞ ከመጽሐፉ በላይ በዝግታ ያወዛውዛል። በድሮዋ ህንድ እንዲህ ያለ ጭራ የሚወዛወዘው ለነገሥታት ነበር። ሲኮች ያንን ክብር የሰጡት ጉሩ ግራንት ሳሂብ ለሚባለው ለዚህ መጽሐፍ ነው። ማታ በክብር ተሸፍኖ ወደ ማረፊያው ይወሰዳል፤ ጎህ ሳይቀድ እንደገና ወጥቶ ይገለጣል። አምሪትሳር በሚገኘው ወርቃማ ቤተ መቅደስ፣ በሃርማንዲር ሳሂብ፣ በየምሽቱ ባጌጠ አልጋ በሰው ትከሻ ታጅቦ የሲኮች ከፍተኛ መንበር ወደሆነው ወደ አካል ታክት ይሄዳል፤ ገና በጨለማው ደግሞ በዚያው ክብር ይመለሳል።

ይህን ያላወቀ እንግዳ የጉርድዋራን ሥርዓት የክልከላ ዝርዝር አድርጎ ሊያየው ይችላል። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፣ እግር አይዘረጋም፣ አይወራም፣ አይጨበጨብም። ሁሉም የሚመነጨው ግን ከአንድ እምነት ነው። በአዳራሹ ውስጥ መምህር ተቀምጦ እየተናገረ ነው፤ የመጣው ሰው ደግሞ ሊሰማው መጥቷል። መቀመጡም፣ መነሣቱም፣ ዝምታውም ለዚህ መስማት የተበጀ ነው።

የሲክ እምነት መሥራች ጉሩ ናናክ እ.ኤ.አ. በ1469 በፑንጃብ ተወለደ። ከእርሱ በኋላ ዘጠኝ ጉሩዎች፣ ማለትም መምህራን፣ ተከታትለው መርተዋል። አምስተኛው ጉሩ አርጃን ከእርሱ በፊት የነበሩትን መዝሙሮች ከራሱ ጋር አሰባስቦ ባይ ጉርዳስ በተባለ ሊቅ እጅ አስጻፈና እ.ኤ.አ. በ1604 በአምሪትሳር አስቀመጠው። በመጽሐፉ ውስጥ ከጉሩዎቹ ሌላ የሸማኔው የካቢር፣ የቆዳ ሠራተኛው የራቪዳስና የሙስሊሙ ሱፊ የሼኽ ፋሪድ ቃልም አለ። አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1708 ናንዴድ በምትባል ከተማ ሊሞት ሲል ሰው አልተካም። ከእርሱ በኋላ መምህራችሁ መጽሐፉ ነው አለ። ዛሬ የሚታተመው ቅጂ ሁሉ 1430 ገጽ አለው፤ በለንደንም ይገለጥ በናይሮቢ አንዱ መዝሙር የሚገኘው እዚያው ገጽ ላይ ነው።

መምህሩ መጽሐፍ ከሆነ ድምፅ የሚሰጡት አንባቢውና ዘማሪው ናቸው። ስለዚህም አንባቢው ከራሱ አንዲት ቃል መጨመርም መቀነስም አይፈቀድለትም። ሲኮች ለዚህ የሚያነሡት ታሪክ አላቸው። ሰባተኛው ጉሩ ሃር ራይ የበኩር ልጁን ራም ራይን ወደ ሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ አደባባይ ልኮት ነበር። ንጉሡ ከመጽሐፉ አንድ ስንኝ አንሥቶ ሙስሊሞችን የሚነካ ይመስላል ብሎ ጠየቀው። ራም ራይ ንጉሡን ላለማስቀየም አንዷን ቃል በሌላ ለወጣት። አባትየው ይህን በሰማ ጊዜ ልጁን ዳግም ፊቱን እንዳያሳየው አለ፤ መንበሩም እ.ኤ.አ. በ1661 ለታናሹ፣ ገና ሕፃን ለነበረው ለሃር ክሪሻን ተላለፈ። ለአንዲት ቃል ይህ ሁሉ ከባድ ቅጣት ሊመስል ይችላል። ቃሉ ራሱ መምህር ለሆነበት ሕዝብ ግን ራም ራይ የለወጠው የጌታውን አፍ ነበር።

ጫማ አውልቆ ወደ ጸሎት ቤት መግባት ለእኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይሆንበትም። የሚለየው አቀማመጡ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ሰዓት የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በመቆም ሲሆን፣ በጉርድዋራ የሚያልፈው መሬት ላይ በመቀመጥ ነው። የገባ ሰው እጁን አጋጥሞ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ከፈለገ ስጦታውን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎን ይወጣና ክፍት ቦታ ፈልጎ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። እግርን ወደ መጽሐፉ መዘርጋት ነውር ነው። ትራስ ወይም የተለየ ምንጣፍ ይዞ ከሌላው ከፍ ብሎ መቀመጥም እንዲሁ። ሚኒስትር ቢሆን፣ ባለ ፋብሪካ ቢሆን፣ ጠራጊ ቢሆን ወለሉ ያው ወለል ነው። ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል የሚለውን ነገር የዘር ደረጃ በሚወስንበት አገር ይህ ሥርዓት ሲጀመር እንዴት ያለ ድፍረት እንደነበረ ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህ መሬት ላይ የመቀመጥ ጉዳይ ዛሬም ልብ የሚነካ ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንዳንድ ጉርድዋራዎች በመመገቢያ አዳራሻቸው ጠረጴዛና ወንበር አስገብተው ኖሮ፣ ጉዳዩ ምእመናኑን ለሁለት ከፍሎ እስከ መደባደብ አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ1998 አካል ታክት ወንበሮቹ እንዲወጡና ሰው ሁሉ መሬት ተቀምጦ እንዲበላ አዘዘ። ከውጭ ለሚያየው የቤት ዕቃ ጠብ ነው። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን እኩልነት በአካል ይገለጣል ወይስ በልብ ብቻ መያዙ ይበቃል የሚል ነበር፤ እኔ በአካል መገለጡ ትልቅ ነገር ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። ጉልበታቸው ለማይታጠፍ አረጋውያንና ሕመምተኞች ግን ዛሬ በብዙ ጉርድዋራዎች ከአዳራሹ ጥግ ወይም ከኋላ መቀመጫ ይዘጋጃል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ክፍል ኪርታን ነው፤ ከመጽሐፉ የሚወጡ መዝሙሮች በዜማ የሚቀርቡበት። መጽሐፉ በአብዛኛው የተደራጀው በርእስ ወይም በጸሐፊ ሳይሆን ራጋ በሚባሉ የህንድ ቅኝቶች ነው፤ ዋናዎቹ ቅኝቶች 31 ናቸው። ጉሩ ናናክ ራሱ በየአገሩ ሲዞር አብሮት የነበረው ባይ ማርዳና የተባለ ሙስሊም ባለ ረባብ ነበር። ረባብ የክር መሣሪያ ነው። ቃሉ ከመነሻው ጀምሮ ከዜማ ተለይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

አሁን በጉርድዋራ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ራጊ የሚባሉ ሦስት ዘማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱ ሃርሞኒየም ይዘው ይዘምራሉ፣ ሦስተኛው ታብላ የሚባለውን ከበሮ ይመታል። አብዛኛው መዝሙር የነገሩ እምብርት የሆነ አንድ ስንኝ አለው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ራሃኦ በሚል ምልክት ተለይቷል። ራጊዎቹ ከዚያ ስንኝ ይነሣሉ፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው እዚያው ያርፋሉ። ዘግይቶ የገባ፣ ሐሳቡ የሄደበት፣ የቋንቋው ጥንታዊነት የከበደው ሰው ሁሉ ስንኙ በተመለሰ ቁጥር ሌላ ዕድል ያገኛል። ዜማው የተሠራው ሰሚው እንደሚዘናጋ ታውቆ ነው።

ራጊው የቱንም ያህል ቢያምርለት አይጨበጨብለትም። የሚሰማው ቃል የእርሱ አይደለምና። አንዳንዴ ከጉባኤው አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቦሌ ሶ ኒሃል» ይላል፤ ሕዝቡ በአንድነት «ሳት ስሪ አካል» ብሎ ይመልሳል። ይህ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ውዳሴ እንጂ ለዘማሪው አይደለም። ስለ መሣሪያዎቹም ቢሆን ክርክር አለ። ሃርሞኒየም ከአውሮፓውያን ጋር የመጣ መሣሪያ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2022 አካል ታክት በሃርማንዲር ሳሂብ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቀርና የጥንቶቹ የክር መሣሪያዎች እንዲመለሱ አሳስቧል። ደጋፊዎቹ የሚያነሡት ምክንያት ከጆሮ ጋር የተያያዘ ነው፤ የክር መሣሪያ የሰውን ድምፅ መንሸራተት ይከተላል፤ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ግን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይዘላል።

እ.ኤ.አ. በ1945 የጸደቀው የሲኮች የሥርዓት ደንብ፣ ሬሃት ማርያዳ፣ በጉባኤ ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲደረግ ያዛል። ኪርታን ከሆነ ኪርታን፣ ማብራሪያ ከሆነ ማብራሪያ፣ ንባብ ከሆነ ንባብ። እንደኔ ከደንቡ ሁሉ ለዘመናችን የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው። ስልክ በኪስ እየተንቀጠቀጠ፣ በአንድ ጆሮ መዝሙር በሌላው ወሬ እየተሰማ መምህር ፊት መቀመጥ እንዴት ይቻላል? ችግሩ በሲኮችም ዘንድ አለ። ከኋላ የሚንሾካሾኩ አሉ፣ ስብከቱ ሳያልቅ ወደ ምግቡ የሚወጡ አሉ፣ ቀረጻ ላይ የተጠመዱ አሉ። በውጭ አገር የተወለዱት ልጆች ደግሞ ቋንቋው ስለማይገባቸው ይቸገራሉ። ብዙ ጉርድዋራዎች አሁን የሚዘመረውን ስንኝ ከነትርጉሙ በግድግዳ ላይ በስክሪን ያሳያሉ። ዓይን ከመጽሐፉ ወደ ስክሪን መሄዱ የማይዋጥላቸው አሉ፤ ሳይገባ ከመስማት ግን የተሻለ ይመስለኛል።

ስለ መስማት መጽሐፉ ራሱ ምን ይላል? በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የጉሩ ናናክ ጃፕጂ አለ፤ ብዙ ሲኮች በየማለዳው የሚደግሙት ጸሎት ነው። ከአንቀጾቹ አራቱ ተከታትለው የሚናገሩት ስለ መስማት ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት አራቱ ደግሞ ስለ ማመንና ስለ መቀበል። ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይመስልም። ሰው መጀመሪያ ይሰማል፣ የሰማው ልቡ ይገባል፣ ከዚያ ይኖረዋል።

አገልግሎቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሁሉም ይነሣል። አርዳስ የተባለው የጋራ ጸሎት የሚደርሰው በቁም፣ እጅ ተጋጥሞ ነው። አንዱ ጸሎቱን ያደርሳል፤ ጉሩዎቹንና ስለ እምነታቸው የሞቱትን ያስታውሳል፣ የሕዝቡን ልመና ያቀርባል፤ ጉባኤው በየመሐሉ «ዋሄጉሩ» እያለ የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል። አርዳሱ ሲያልቅ ሁሉም ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የአዳራሹ ጆሮ ሁሉ አንድ ቦታ የሚያርፍበት ነው። አንባቢው ሩማላውን ይገልጣል፣ መጽሐፉን እንዳጋጠመው ይከፍታል፣ በግራው ገጽ ራስ ላይ ካለው መዝሙር ያነባል። መዝሙሩ የጀመረው ካለፈው ገጽ ከሆነ መልሶ ገልጦ ከመጀመሪያው ያነባል፤ ቃል ከመካከሉ አይቆረጥም። ይህ ሁካም ይባላል፤ የዕለቱ ትእዛዝ ነው። የታመመ ልጅ ያለው፣ ሥራ የጠፋበት፣ ነገ ልጁን የሚድር ሁሉ ቃሉን ለእኔ የተላከ ብሎ ይሰማዋል። በሃርማንዲር ሳሂብ የሚወጣው ሁካም በየቀኑ በኢንተርኔት ለዓለም ስለሚሰራጭ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት የሚያነቡት ብዙዎች ናቸው።

ከዚያ ካራህ ፕራሻድ ይታደላል፤ እኩል መጠን ካለው ዱቄት፣ ስኳርና ከተነጠረ ቅቤ በውኃ የሚሠራ ትኩስ ጣፋጭ። ዐዳዩ በተቀመጠው ሰው ፊት ጎንበስ ይላል፤ ተቀባዩ ሁለት መዳፉን እንደ ጽዋ አድርጎ ይዘረጋል። በአንድ እጅ አይቀበሉም። ቅቤው ጣት ላይ ይቀራል። ማንም ከማንም አይበላለጥም፤ ፊት የተቀመጠው የተለየ አያገኝም።

በአረብ አገር ወይም በአውሮፓ የሚኖር ወገናችን ጉርድዋራ ማየት ቢፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዱባይ ጀበል ዓሊ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ጉሩ ናናክ ዳርባር አለ፤ ለንደን ሳውዝሆል ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ትልቁ ስሪ ጉሩ ሲንግ ሳባ አለ። እንግዳ ሃይማኖቱ አይጠየቅም። ሲጋራና መጠጥ ይዞ አይገባም፤ ጠጥቶም አይመጣም። ነጠላ ያላት ራሷን ትሸፍንበታለች፣ ምንም ያልያዘ በር ላይ መሸፈኛ ይሰጠዋል። የሌላ እምነት ሰው መስገድ ግዴታው አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ከኋላ በጸጥታ መቀመጥ ይበቃዋል። ሲገባ አርዳስ ላይ ከደረሰ ግን ወደ ፊት አይራመድ፤ በቆመበት ቦታ እስኪያልቅ ይቁም። ፕራሻዱን መቀበል ካልፈለገ ሁለት እጁን አጋጥሞ ራሱን ዝቅ ማድረጉ እምቢታውን በክብር ይገልጥለታል። ከዚያ በኋላ ላንጋር አለ፤ ለመጣው ሁሉ በነፃ የሚቀርብ፣ ሥጋ የሌለበት ማዕድ። እዚያም መሬት ላይ በረድፍ ይቀመጣሉ፣ ቂጣውን በሁለት እጅ ይቀበላሉ። አስተናጋጆቹ ደጋግመው ስለሚጨምሩ መጀመሪያ ጥቂት መቀበል ይሻላል፤ የተቀበሉትን ሳህን ላይ መተው ደስ አይልም።