ቴሌቪዥን የሰፈር ሳለ

አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በስልካችሁ ያሻችሁን ትርኢት ትከፍቱ ይሆናል፤ ካልጣማችሁም በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ሌላው ታልፋላችሁ። ታላላቆቻችሁ ስለ ድሮው ቴሌቪዥን ሲያነሡ ግን ድምፃቸው ለስለስ የሚለው ለምን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ትርኢቱ ከዛሬው ይበልጥ ስለ ነበረ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል፤ ነገሩ ግን ይህ ብቻ አይመስለኝም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ሥርጭቱም በመጀመሪያ ከከተማይቱና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። ሥዕሉ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቆየ። ጣቢያው አንድ፥ ሰዓቱም ጥቂት። የመሣሪያው ዋጋ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ስለ ነበረ፥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሁለተኛ ቤት ነበረ። ትልልቆቹ በወንበር፥ ትንንሾቹ በምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ። የቤቲቱ እመቤት ከመሣሪያው ላይ ዳንቴሉን ስታነሣ ጫጫታው ሁሉ ጸጥ ይላል። (እግሩን ሳይታጠብ የመጣ ልጅ ከደጅ መመለሱ የታወቀ ነው።)

ሁሉም ማርና ወተት ነበረ ለማለት አይደለም። አንድ ዘፈን ለማየት ረጅም ንግግር መታገሥ ግድ ነበር፤ የገጠሩ ሕዝብም ይህን ሁሉ በወሬ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ከዚያ ዘመን ፊቶች ሁሉ ሳይደበዝዝ የቀረው የተስፋዬ ሣህሉ፥ ማለት የአባባ ተስፋዬ ፊት ነው። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት እኒህ ሰው አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴቶች ወደ ቴአትር መድረክ በማይወጡበት ጊዜ የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው ተጫውተዋል፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋርም ወደ ኮሪያ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። ቴሌቪዥን ሲመጣ የልጆችን ጊዜ ያዙ፤ ከአርባ ዓመት በላይም አልለቀቁትም።

መሣሪያቸው ምን ነበር ብትሉ፥ ጥቂት ልጆችና አንድ ተረት። ጅቡንም ጦጣዋንም አንበሳውንም በአንድ ጉሮሮ ያናግሩ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፥ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ በየሳሎኑ የተቀመጠው ልጅ እሱን ብቻ የጠሩት ይመስለውና አፉን ከፍቶ ይመልስላቸው ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ያዩኛል ብሎ ያምናልና። በማግስቱ በትምህርት ቤት ግቢ ወሬው ያው ተረት ነው፤ ያላየ ልጅ ያዳምጣል እንጂ አፍ የለውም።

ታዲያ ያ ሁሉ እንደ መጽሐፍ ለምን አይገለጥም? በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በዓለም ሁሉ በቀላሉ የሚጠፋ ነገር ነበረ። ብዙው ትርኢት በቀጥታ ይተላለፍና በዚያው ይቀር ነበር። የሥዕል መቅረጫው ክር ውድ ስለ ነበረም አንዱን እየፋቁ ሌላውን ይቀዱበት ነበር። ባለጠጋው የእንግሊዝ ቢቢሲ እንኳ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ዝነኛ ተከታታይ ድራማ በዚሁ መንገድ ብዙ ክፍሎቹን አጥፍቷል። ከጠፉት መካከል ዘጠኙ የተገኙት ለንደን ውስጥ እንዳይመስላችሁ። ቅጂዎቻቸው በናይጄሪያ፥ በጆስ ከተማ፥ በአንድ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ውስጥ ተቀምጠው ኖረው በ2006 ዓ.ም. መገኘታቸው ተነገረ።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ማታ ከታላላቆቻችሁ አንዱን ስለ እሳቸው ጠይቁ፤ ተረቱን ከመጀመሩ በፊት በማን ቤት ተቀምጦ እንዳየ፥ ከጎኑም ማን እንደ ነበረ ይነግራችኋል።