ልጅዎ ነርሲንግ ልትማር ነው? ከሕንጻው በፊት ሆስፒታሉን ይጠይቁ

በምዝገባ ሰሞን ከጀሞ ተነሥተው በለቡ በኩል ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢጓዙ ዓይንዎ ምን ላይ እንደሚያርፍ ያውቁታል። «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ባነር ከፋርማሲው በላይ፣ ከባንኩ ጎን፣ ከካፌው ፎቅ ላይ ተሰቅሏል። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፤ ከእነሱ ጋር ነርሲንግ። ነጭ ጋውን ለብሳ ስቴቶስኮፕ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፈገግተኛ ወጣትም አትጠፋም። ልጅዎ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ «ነርስ መሆን እፈልጋለሁ» ብላዎታለች እንበል። ኮሌጁ ከቤት የ10 ደቂቃ መንገድ ነው፣ ክፍያውም በየወሩ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

ብዙ ይጠየቃል። የእኅቴ ልጅ፣ እዚህ ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ፣ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች። ሆስፒታል ለልምምድ ሲወጡ አንድ አልጋ ዙሪያ 20 እና ከዚያ በላይ ሆነው ይቆሙ ስለነበር፣ እሷ በአብዛኛው ያየችው የጓደኞቿን ጀርባ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የታማሚ ደም ሥር ፈልጋ መርፌ ያስገባችው ተቀጥራ፣ በሌሊት ተረኝነት፣ ብቻዋን ሆና ነበር። ያን ሌሊት እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። ታማሚውም ሳይረሳው አይቀርም።

ስለዚህ አንድ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ሲመዝኑ ትልቁ ጥያቄ ተማሪዎቹ የሚለማመዱት የትኛው ሆስፒታል ነው የሚለው ነው። ስሙን ብቻ ሰምተው አይመለሱ። ከሆስፒታሉ ጋር የተፈረመ ውል አለ? በአንድ ዋርድ ስንት ተማሪ ይመደባል? አብሯቸው የሚቆመው መምህር የኮሌጁ ነው ወይስ ሥራ የበዛበት የሆስፒታሉ ነርስ? በአካባቢያችን ያሉት ጤና ጣቢያዎች ለክትባት፣ ለእርግዝና ክትትልና ለማኅበረሰብ ጤና ጥሩ መማሪያ ናቸው። የጽኑ ሕሙማን ክፍልን ወይም የቀዶ ሕክምና ዋርድን ግን ጤና ጣቢያ ውስጥ አያገኟቸውም። የማዋለዱ ልምምድ የት ነው፣ እንደ ጋንዲ ባለ ሆስፒታል? የሥነ አእምሮው፣ አማኑኤል? የሕፃናቱስ? «እሱ በኋላ ይመቻቻል» የሚል መልስ ከተሰጠዎ፣ እኔ ብሆን ቦርሳዬን አንሥቼ እወጣለሁ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የዘመናዊ ነርሶች ሥልጠና ከመጀመሪያውም ሆስፒታል ውስጥ ነው የተወለደው። ቀይ መስቀል ነርሶችን ያሠለጥን የነበረው ዛሬ የካቲት 12 በምንለው ሆስፒታል ነበር። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነውም የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ተብሎ የራሱ የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረው። ልዕልቲቱ ራሷ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና ነርስ የሆነች ናት፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ አረፈች። የንጉሥ ልጅም ብትሆን ሙያውን የተማረችው በሕፃናቱ አልጋ አጠገብ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለየመርሐ ግብሩና ለየካምፓሱ ነው። ኮሌጁ ሌላ ክፍለ ከተማ ላይ ነርሲንግ እንዲያስተምር ተፈቅዶለት፣ ለቡ ላይ የከፈተው ቅርንጫፍ የተፈቀደለት አካውንቲንግ ብቻ ሊሆን ይችላል። የፈቃዱን ደብዳቤ አስወጥተው የመርሐ ግብሩን ስም፣ ደረጃውን፣ የካምፓሱን አድራሻና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ ያረጋግጡ። ባነሩ ላይ ጎን ለጎን የተጻፉት «ደረጃ 4» እና «ዲግሪ»ም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሙያ ሥልጠና ሲሆን መዝጊያው የሲኦሲ ምዘና ነው፤ የነርሲንግ ዲግሪ ግን 4 ዓመት ይፈጃል። 12ኛ ክፍል 50 በመቶ ያላመጣች፣ የሬሜዲያል ትምህርትም ያላለፈች ልጅ «ግድ የለም፣ እናስገባታለን» ከተባለች፣ ቸርነት እንዳይመስልዎ።

ዲግሪው ራሱ አሁን በመውጫ ፈተና የታሰረ ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በሁሉም መስኮች ሲጀመር ከ150,184 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 61,054 ብቻ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶው ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ የሁሉም መስኮች ድምር ስለሆነ ስለ ነርሲንግ ብቻ አይናገርም፤ ጎበዝ የግል ኮሌጅ የለም ማለትም አይደለም። ግን ለመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል፦ ባለፈው ዓመት ከነርሲንግ ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ስንቱ አለፈ? የሚኮራበት ውጤት ያለው ኮሌጅ ሳይጠየቅም ይነግርዎታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ፤ እሱን ሳታልፍ ጋውኑን ለብሳ ሥራ አትጀምርም።

«እኔስ ልጄን ውጭ አገር ለመላክ ነው» የሚሉ ወላጆችም አሉ። እንግዲያው የበለጠ ይጠንቀቁ። የአሜሪካን የነርሶች ፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስን፣ ለመቀመጥ ሰነድ ሲመረመር በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በሥነ አእምሮ ስንት ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ስንት ሰዓት ሆስፒታል እንደተማረች ይታያል። ያልተሠራ ሰዓት ከ6 ዓመት በኋላ ከየትም አይመጣም።

ስለ ወጪው አንድ ነገር ልጨምር። ክፍያው ከቤት አጠገብ ላለ ኮሌጅ ቢሆንም ልምምዱ ከተማው መሀል ነው። የታክሲው፣ የጋውኑና የጫማው ወጪ አለ። የማታ ፈረቃ ስትመደብ ከሜክሲኮ ጀሞ የሚመልሳት ማን ነው? ከአባትዋ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩበት።

ሬጅስትራሩ ሁሉንም በጨዋነት ሊመልስልዎ ይችላል። ሲወጡ ግን ቶሎ ወደ ቤት አይሂዱ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ገብተው ይቀመጡ፤ የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ተማሪዎቹ ይመጣሉ። ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመቶቹ አንዷን ሻይ ይጋብዙና እስካሁን ስንት እናት እንዳዋለደች፣ የልምምድ መዝገቧ ላይም ስንት እንደተፈረመላት ይጠይቋት።