ኳሱ ተቀየረ፣ ነጥቡ ተቀየረ፣ እሷ ግን አለች

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በጠረጴዛ ቴኒስ የዓለም አንደኛዋ ሱን ዪንግሻ ተጋጣሚዋን 4 ለ 0 ረታች። ይሄ ማንንም አይገርምም። የሚገርመው የተሸናፊዋ ዕድሜ ነው፦ ለሉክሰምበርግ የምትጫወተው ኒ ሺያ ሊያን 61 ዓመቷ ነበር። በ2000 ሲድኒ ላይ የመጀመሪያ ኦሊምፒኳን ስትጫወት ሱን ገና አልተወለደችም። ፓሪስ የሄደችውም ለክብር እንግድነት አልነበረም፤ በመጀመሪያው ዙር የቱርኳን ሲቤል አልቲንካያን 4 ለ 2 አሸንፋለች።

ኒ የሻንጋይ ልጅ ናት። ቻይና ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ ሙያ የሚጀመረው በልጅነት ነው፤ ከስፖርት ትምህርት ቤት ወደ ክፍለ ሀገር ቡድን የሚያልፉት ብዙ፣ ብሔራዊ ቡድን የሚደርሱት ግን ጥቂት ናቸው። እሷ ደረሰች። በ1983 ቶኪዮ ላይ በቡድንና ከጉዎ ዩዌሁዋ ጋር በድብልቅ ጥንድ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 20 ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ግራኝ ናት፤ ራኬቱን እንደ እስክሪብቶ ትይዛለች። ዋናው መሣሪያዋ ግን በራኬቱ አንድ ገጽ ላይ ያለው ረጃጅም ጉጦች ያሉት ላስቲክ ነው። ለስላሳው ላስቲክ ኳሱን ጨብጦ ያሽከረክራል፤ ጉጦቹ ግን ይታጠፉና ኳሱን ያንሸራትቱታል። ስለዚህ ተጋጣሚ ያሽከረከረው ኳስ ሽክርክሪቱን እንደያዘ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ወደፊት እየተሽከረከረ የሄደው ወደኋላ እየተሽከረከረ ይመጣበታል። እንደለመደው ከመታው መረቡ ላይ ይቀርበታል። ድሮ የራኬቱ ሁለት ገጾች ቀለም አንድ መሆን ይችል ስለነበር በየትኛው ገጽ እንደተመታ መለየት ጭንቅ ነበር። ድምፁ እንዳያሳብቅባቸው ኳሱን ሲመቱ ወለሉን በእግራቸው የሚደልቁም ነበሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ገጾቹ ቀይና ጥቁር እንዲሆኑ ሲደነገግ ይህ ማታለል አበቃ።

በ1989 ወደ ጀርመን ሄደች፤ ጥቂት ቆይታ ሉክሰምበርግ ገባች። የዚህ ሙያ እንጀራ ከሜዳሊያ ይልቅ ያለው ክለብ ቤት ነው፤ የጀርመን ቡንደስሊጋ ከየአገሩ ተጫዋች ቀጥሮ ያጫውታል። በዚሁ መንገድ የወጡ ቻይናውያን በዝተው፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2008 ዕድሜው 21 ከሞላ በኋላ አገር የቀየረ ተጫዋች በዓለም ሻምፒዮና ለአዲሱ አገር እንዳይሰለፍ ከለከለ። ኒ ቀድማ ባትሄድ ኖሮ ይህን ታሪክ ባልጻፍነው ነበር።

አውሮፓ ከገባች በኋላ ደግሞ የሕግ ለውጥ መዓት መጣ። በ2000 የኳሱ ስፋት ከ38 ወደ 40 ሚሊሜትር አደገ። በ2001 የአንድ ጌም ነጥብ ከ21 ወደ 11 ወረደ፤ ቀስ ብሎ መሟሟቅ ቀረ። በ2014 ፕላስቲክ ኳስ ተተካ። ኳሱ ባደገና በተለወጠ ቁጥር ሽክርክሪት ይቀንሳል፤ በሰው ሽክርክሪት ለምትኖር ተጫዋች ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። እሷ ግን በ1998 በትንሹ ኳስና በ21 ነጥብ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆና፣ በ2002 በትልቁ ኳስና በ11 ነጥብ ደገመችው። ለእኔ ከሁሉም ድሎቿ የሚበልጠው ይህ ነው።

ባለቤቷና አሰልጣኟ ስዊድናዊው ቶሚ ዳንኤልሰን ነው። ለኮቪድ ሲባል ወደ 2021 በተላለፈው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ17 ዓመቷ ኮሪያዊት ሺን ዩ ቢን የተሸነፈችው 4 ለ 3 ነበር፤ በመካከላቸው 41 ዓመት አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሂውስተን የዓለም ሻምፒዮና ከሳራ ዴ ኑተ ጋር በሴቶች ጥንድ ነሐስ ወሰደች፤ ከ1983ቱ የቶኪዮ ወርቅ 38 ዓመት በኋላ።