ልጆች አክሊል ደፍተው የሚተርኩት ታሪክ

በጥቅምት ወር ግድም ህንዳውያን ጎረቤቶቻችሁ ወይም የሥራ ባልደረቦቻችሁ በደጃፋቸው ትናንሽ መብራት ሲደረድሩ አይታችሁ ይሆናል። በዓሉ ዲዋሊ ይባላል። በሰሜን ህንድ እንደሚነገረው ንጉሥ ራማ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰበት መታሰቢያ ነው። እምነቱ የእኛ ባይሆንም ታሪኩን ለልጆቻቸው የሚያወርሱበት መንገድ ስለ ገረመን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ራማ አልጋ ሊወርስ ሲል የእንጀራ እናቱ ለገዛ ልጇ ንግሥና ብላ አሰደደችው። ሚስቱ ሲታና ወንድሙ ላክሽማን ተከትለውት ወደ ዱር ወጡ። አሥር ራስ ያለው የላንካ ንጉሥ ራቫናም ሲታን ጠለፋት፤ ራማ በሃኑማንና በዝንጀሮዎች ሠራዊት ረዳትነት ራቫናን ገድሎ አስመለሳት።

ይህን ታሪክ ሕፃናቱ ከመጽሐፍ ሳይሆን ራምሊላ ከሚባለው ትርዒት ይማሩታል። በቫራናሲ ፊት ለፊት፣ ከጋንጅስ ወንዝ ማዶ በምትገኘው ራምናጋር ትርዒቱ አንድ ወር ያህል ይቆያል። ራማን፣ ወንድሞቹንና ሲታን የሚሆኑት ገና ያልጎረመሱ ወንዶች ልጆች ናቸው። (ሲታን እንኳ ሴት ልጅ አለመሆኗ እኛን ትንሽ ቅር አሰኝቶናል።) ልጆቹ ቃላቸውን አስቀድመው ከመምህራን ያጠናሉ። አክሊሉን ከደፉ በኋላ ግን ሽበታም ሽማግሌ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ይነካል። ድምፅ ማጉያ የለም። የከተማው አንዱ ሥፍራ አዮዲያ፣ ሌላው ላንካ ስለሚባል ሕዝቡ ልጁን በትከሻው አድርጎ ተዋንያኑን እየተከተለ ይጓዛል። ዘማሪዎቹ የሚያዜሙት ቱልሲዳስ በ1574 መጻፍ የጀመረውን ግጥም ነው። ሳንስክሪት እንደ ግእዝ የሊቃውንት ቋንቋ ስለነበረ፣ እርሱ ገበሬው በሚሰማው በአዋዲ ቋንቋ ጻፈው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ከህንድ ውጭ የሆነው ነው። ከ1845 እስከ 1917 ድረስ ከ140,000 በላይ ህንዳውያን በውል ሠራተኝነት ወደ ትሪኒዳድ ደሴት በመርከብ ተወሰዱ። የተወሰዱት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበር፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ውል ፈርሞ ባሕር መሻገር ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። እነዚህ ሰዎች ከአገዳው እርሻ አጠገብ ባለ ሜዳ ራምሊላን አቆሙ። ዛሬ አብዛኞቹ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ቋንቋ አይናገሩም፤ አንባቢው ታሪኩን በእንግሊዝኛ ሲተርክ ተዋንያኑ በከበሮ እየተወዛወዙ በእጅና በእግራቸው ያሳያሉ። ሕፃኑ ቃሉ ቢያመልጠውም ቀስቱ አያመልጠውም።

የሴንት ሉሺያው ባለቅኔ ዴሬክ ዋልኮት በ1992 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ንግግሩን የጀመረው ፌሊሲቲ በምትባል የትሪኒዳድ መንደር ካየው ከዚሁ ትርዒት ነበር። መጀመሪያ እንደ ቴአትር ቆጥሮት ነበር፤ ኋላ ግን ልጆቹ የሚያምኑትን እንጂ የሚያስመስሉትን እንደማይሠሩ ተረዳ። በሜዳው ዳር የግዙፉ ምስል ክፍሎች ነበሩ፤ ምስሉ ተገጣጥሞ ከቆመ በኋላ በመጨረሻው ቀን እሳት ይለኮስበታል።