የናፍጣ ጭስ ማጣሪያ ፈሳሽ፡ ብልሽቱ ከማስቀመጫው ይጀምራል

የናፍጣ ተሽከርካሪዎችን የጭስ ብክለት የሚቀንሰውና በተለምዶ «አድብሉ» በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ፈሳሽ፣ እንደ ነዳጅ ወይም እንደ ሞተር ዘይት በተገኘው በርሜል ሊቀመጥ አይችልም። ተገቢ ያልሆነ ማስቀመጫ ፈሳሹን ከማበላሸት አልፎ በተሽከርካሪው ላይ ከባድ ወጪ የሚያስከትል ጉዳት ያደርሳል።

ፈሳሹ 32 ነጥብ 5 በመቶ ንፁህ ዩሪያና 67 ነጥብ 5 በመቶ ማዕድናት የተወገዱለት ውሃ ድብልቅ ነው። ከናፍጣው ጋር አይቀላቀልም። በራሱ ታንክ ተይዞ በጭስ ማውጫው መስመር ውስጥ ሲረጭ በሙቀቱ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው በማጣሪያው ውስጥ ጎጂ የሆኑትን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይቀይራቸዋል።

ማጣሪያው በጥቃቅን የብረታ ብረትና የማዕድን ቅንጣቶች በቀላሉ ይጎዳል። በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 22241 ያወጣው ደረጃ በአንድ ኪሎ ግራም ፈሳሽ ውስጥ መዳብና ዚንክ እያንዳንዳቸው ከ0 ነጥብ 2 ሚሊግራም፣ ካልሲየም፣ ብረትና አልሙኒየም ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ0 ነጥብ 5 ሚሊግራም እንዳይበልጡ ይገድባል። የቧንቧ ውሃም ሆነ ለእርሻ የሚውለው የዩሪያ ማዳበሪያ ይህን የንፅህና መጠን ስለማያሟሉ ፈሳሹን በግቢ ውስጥ በጥብጦ ማዘጋጀት አይቻልም።

ለማስቀመጫነት ተስማሚ የሆኑት ጥራት ያለው የማይዝግ ብረት እንዲሁም ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን የተሰኙት የፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው። በአንፃሩ ተራ ብረት፣ ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ መዳብ፣ ነሐስና አልሙኒየም ከፈሳሹ ጋር ሲገናኙ ስለሚበሉና ወደ ፈሳሹ ስለሚሟሙ የተከለከሉ ናቸው። ክልከላው ፓምፑን፣ ቧንቧውንና መክፈቻውንም ይመለከታል። ታንኩ ፕላስቲክ ሆኖ መክፈቻው የነሐስ ከሆነ ጥንቃቄው ከንቱ ይሆናል።

የማስቀመጫው መጠን በፍጆታ ሊወሰን ይገባል። ጥቂት ተሽከርካሪዎች ላሉት መሥሪያ ቤት ከፋብሪካ የታሸጉ ባለ 10 ሊትር ጀሪካኖች በቂ ናቸው። ከዚያ በላይ ለሚጠቀም የ200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ወይም በብረት ፍርግርግ የታቀፈ ባለ 1 ሺህ ሊትር ታንክ ያገለግላል። የአንድ ሊትር ክብደት 1 ነጥብ 09 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ ትልቁ ታንክ ሲሞላ ከአንድ ቶን በላይ እንደሚመዝን ማሰብ ያስፈልጋል።

የምግብ ዘይት፣ የናፍጣ ወይም የሳሙና ጀሪካንን አጥቦ መጠቀም አይገባም። ጥቂት የናፍጣ ወይም የዘይት ጠብታም ፈሳሹን ይበክለዋል። ማንቆርቆሪያውና ማጥለያውም ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለዩ መሆን ይኖርባቸዋል።

ሙቀት ሌላው ጠንቅ ነው። ፈሳሹ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት 18 ወር፣ በ30 ዲግሪ 12 ወር፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ 6 ወር ያህል ይቆያል። በአፋርና በጋምቤላ ዓይነት ቆላማ አካባቢዎች በፀሐይ የተቀመጠ ክምችት ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ማስቀመጫው ጥላ ባለበትና አየር በሚያገኝ መጋዘን፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ፣ ክዳኑ ገጥሞ ሊቀመጥ ይገባል።

አቅርቦት ሲያጥር ብዙ የማከማቸት ፍላጎት ያድራል። ቻይና እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የዩሪያ የወጪ ንግድ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ በደቡብ ኮሪያ ከፍተኛ እጥረት ተከስቷል። የአገሪቱ መንግሥት በቀጣዩ ወር ፈሳሹን መደበቅን ከመከልከሉም በላይ 27 ሺህ ሊትር ያህል ከአውስትራሊያ በወታደራዊ አውሮፕላን አስመጥቷል። ክምችት መያዝ ጠቃሚ መሆኑን ይህ ያሳያል፤ ሆኖም ባልተገባ ዕቃ የተያዘ ክምችት በችግር ጊዜ አይደርስም። ፈሳሹ ሲያልቅ ወይም ጥራቱ ሲጓደል የብዙ ተሽከርካሪዎች መቆጣጠሪያ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳልና ሥራ ይስተጓጎላል።

በመሆኑም ይህ ሥርዓት የተገጠመላቸውን ተሽከርካሪዎች የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው የደረጃውን ቁጥር፣ የማስቀመጫውንና የመክፈቻውን ዓይነት እንዲሁም የምርቱን ቀን በግልፅ ሊያሰፍሩ ይገባል። ንብረት ክፍሎችም ሲረከቡ እሽጉ ያልተከፈተ መሆኑን ማረጋገጥና ቀድሞ የገባውን ቀድመው ማውጣት ይጠበቅባቸዋል።