የሜጋ ሲዲ አቋምና አጠቃቀም

ሜጋ ሲዲ የሚባለው መሣሪያ ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሜጋ ድራይቭ ለሚባለው የቴሌቪዥን መጫወቻው በተጨማሪነት የሠራው የሲዲ ማንበቢያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዋናው መጫወቻ በጃፓን በ1988፣ በሰሜን አሜሪካ ጀነሲስ ተብሎ በ1989፣ በአውሮፓ ደግሞ በ1990 ለገበያ ቀረበ። ተጨማሪው ክፍል በጃፓን በዲሴምበር 1991፣ በአሜሪካ ሴጋ ሲዲ በሚል ስም በኦክቶበር 1992፣ በአውሮፓ በ1993 ወጣ። በ1996 ሥራው እስኪቋረጥ ድረስ በዓለም ዙሪያ 2.24 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል።

ዛሬ ይህን መሣሪያ ከቤተ ዘመድ የወረሱ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት በአንድ መጫወቻ ላይ አንድ የሲዲ ማጫወቻ እንደ ተቀጠለ ነው። ከዚህ አስተሳሰብ የተነሣ አንዳንዱ አዳፕተሩን አሳስቶ ይሰካና ያቃጥለዋል፤ አንዳንዱ ድምፁ ጎደለ ብሎ መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል፤ አንዳንዱም የብዙ ወራት ጨዋታውን መዝገብ በአንድ ቀን ያጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሜጋ ሲዲ ተራ ማንበቢያ ሳይሆን በራሱ የሚያስብ ሁለተኛ ኮምፒዩተር መሆኑን ማስረዳት ነው። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው የአገጣጠሙንና የአጠቃቀሙን ደንብ ሁሉ ምክንያቱን ዐውቆ ይፈጽመዋል።

1. ለምን ተሠራ?

በዚያ ዘመን ጨዋታዎች ይሸጡ የነበረው በካርትሪጅ ነበር። ካርትሪጅ ማለት በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የማስታወሻ ቺፕ ነው። የዘመኑ የሜጋ ድራይቭ ካርትሪጆች አብዛኛዎቹ ከ512 ኪሎባይት እስከ 2 ሜጋባይት ይይዙ ነበር፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም የቺፑ ዋጋ ይወደድ ነበር። ሲዲ ግን ከ500 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ በፋብሪካ ሲታተምም ወጪው ከካርትሪጅ እጅግ ያነሰ ነው። ኔክ የተባለው ኩባንያ ፒሲ ኤንጅን ለተባለው መጫወቻው በ1988 የሲዲ ማንበቢያ በማውጣት መንገዱን ስለ ከፈተ፣ ሴጋም የዚያኑ ዓይነት መሣሪያ ለራሱ መጫወቻ አዘጋጀ።

2. በውስጡ ምን አለ?

ሜጋ ድራይቭ ሞቶሮላ 68000 የተባለ ፕሮሰሰር አለው፤ ፍጥነቱም 7.6 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። በሜጋ ሲዲ ውስጥም ያው ዓይነት ፕሮሰሰር ይገኛል፤ ነገር ግን የዚህኛው ፍጥነት 12.5 ሜጋኸርዝ ነው። እንግዲህ ተጨማሪው ከዋናው ይፈጥናል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ለፕሮግራም 512 ኪሎባይት፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በጋራ ለሚጠቀሙበት ሥራ 256 ኪሎባይት፣ ለድምፅ 64 ኪሎባይት፣ ለጨዋታ መዝገብ ደግሞ 8 ኪሎባይት ማስታወሻ አለው። ሥዕልን የሚያዞርና የሚያሳድግ ወይም የሚያሳንስ ልዩ ቺፕ፣ እንዲሁም 8 ድምፆችን በአንድ ጊዜ የሚያሰማ ሌላ ቺፕ ተጨምሮበታል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልተለወጠም። ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው እንደ ቀድሞው ሜጋ ድራይቭ ብቻ ነው። የሜጋ ድራይቭ የሥዕል ክፍል ከ512 ቀለሞች መካከል በአንድ ጊዜ በተለመደው አሠራር 64 ብቻ ያሳያል፤ የራሱም ማስታወሻ 64 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ በሲዲው ላይ የቱንም ያህል ያማረ ሥዕል ቢቀመጥ፣ ወደ ዓይን የሚደርሰው በዚህ ወሰን ውስጥ አልፎ ነው።

3. ሰፊ ጎተራ፣ ጠባብ በር

የመሣሪያውን ጠባይ ለመረዳት አንድ ሂሳብ ማስላት ይበቃል። ማንበቢያው በአንድ ሴኮንድ 75 ክፍሎች ያነባል፤ እያንዳንዱ ክፍል 2,048 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ በሴኮንድ 153,600 ባይት ይሆናል። የፕሮግራሙን 512 ኪሎባይት ማስታወሻ ለመሙላት፣ ሌንሱ ቦታውን የሚፈልግበት ጊዜ ሳይቆጠር፣ 3.4 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። 500 ሜጋባይት ሙሉ ለማንበብ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጎተራው ሰፊ ነው፤ እህሉ የሚወጣበት በር ግን ጠባብ ነው።

ይህ ጥበት በተለይ በፊልም ላይ ይታያል። በወርዱ 320 በቁመቱ 224 ነጥብ የሆነ ሙሉ ሥዕል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ቢት ሲመደብለት፣ 35,840 ባይት ይሆናል። ሥዕሉ እንዲንቀሳቀስ በሴኮንድ 15 ጊዜ ይለወጥ ቢባል 537,600 ባይት ያስፈልጋል፤ ይህም ማንበቢያው ሊያቀርብ ከሚችለው 3 ተኩል እጥፍ ነው። የፊልም ጨዋታዎች በትንሽ መስኮት፣ ቀለማቸው ደብዝዞና ነጥባቸው ጎልቶ የሚታዩበት ምክንያት ይህ ነው። ናይት ትራፕ የተባለው በ1987 ተቀርፆ በ1992 የወጣ ጨዋታ የዚህ ዓይነት ነው። ይኸው ጨዋታ በዲሴምበር 1993 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ስለ ሁከት በተደረገ ምርመራ ስሙ ስለ ተነሣ፣ ብዙ ሰው መሣሪያውን በእርሱ ብቻ አይቶ ፈረደበት።

የበሩን ጥበት ዐውቀው የሠሩ ግን ሌላ ውጤት አግኝተዋል። ከላይ የተጠቀሰው 256 ኪሎባይት የጋራ ማስታወሻ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው፣ ሙሉውን በተራ በተራ አንዱ ፕሮሰሰር ሲይዘው ሌላው ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ ማስታወሻው በ128 ኪሎባይት ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ እኩሌታ ለቴሌቪዥን ሲቀዳ ሌላው እኩሌታ ይሞላል፤ ከዚያም ይለዋወጣሉ። ይህም ሁለት እንስራ ያላት ሴት አንዱን ቤት ስታራግፍ ሌላው ከምንጩ ሥር እንደሚሞላላት ያለ ነው። በ1993 የወጣው ሲልፊድ ከበስተኋላ ያለውን ትዕይንት ሁሉ አስቀድሞ አሠርቶ ከሲዲው በተከታታይ ያቀርበዋል፤ መርከቦቹን ግን መሣሪያው ራሱ እያሰላ ይሥላቸዋል።

የማንበቢያው ሌንስ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሙዚቃ በሚያጫውትበት ጊዜ ሌላ መረጃ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ጨዋታው የመድረኩን መረጃ አስቀድሞ ያነብና ከዚያ በኋላ ሙዚቃውን ይጀምራል። ተጫዋቹ በየመድረኩ መካከል ዝምታና መጠበቅ የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት እንጂ መሣሪያው ስለ ደከመ አይደለም። በሶኒክ ሲዲ ጨዋታ በ«አሁን» እና በ«ወደፊት» ዘመን የሚሰማው ሙዚቃ ከሲዲው ትራክ የሚመጣ ሲሆን፣ በ«ቀድሞ» ዘመን የሚሰማው ግን በድምፅ ቺፑ የሚሠራ ነው።

4. አገጣጠም

የመጀመሪያው ዓይነት ሜጋ ሲዲ ከሜጋ ድራይቭ ሥር የሚቀመጥ ሲሆን፣ ሲዲው የሚገባበት መሳቢያ በሞተር ይከፈታል። ሁለተኛው ዓይነት ከጎን የሚገጠም ሲሆን ክዳኑ ከላይ በእጅ ይከፈታል። ሁለቱም የሚያያዙት በሜጋ ድራይቭ ቀኝ ጎን በታች በኩል በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን በተሸፈነው ማገናኛ ነው።

ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈጸማል። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ ከግድግዳ ይነቀላል። ቀጥሎ ክዳኑ ይነሣና የማገናኛው ጥርሶች ንጹሕ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠረጋሉ፤ ሲደርቁም ይገጠማል። ከመጀመሪያው ዓይነት ጋር የሚመጣው የብረት ሳህን በሜጋ ድራይቭ ሥር በብሎን ይታሰራል፤ ይህ ሳህን ሁለቱን ዕቃዎች ቀጥ አድርጎ ከማያያዙም በላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን ይቀንሳል። መግጠም የሚገባው ቀስ ብሎ በማንሸራተት ነው፤ የማይገባ ሲሆን መግፋት ሳይሆን ወደ ኋላ መልሶ ማየት ይሻላል።

ሁለት ኮምፒዩተሮች ስለ ሆኑ ሁለት አዳፕተር ያስፈልጋል። ሜጋ ሲዲ የራሱ ማብሪያ የለውም፤ ሜጋ ድራይቭ ሲበራ አብሮ ይበራል፤ ኃይሉን ግን ከራሱ ገመድ ያገኛል። አንባቢ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሜጋ ድራይቭና የሜጋ ሲዲ አዳፕተሮች መካከላቸው ኔጋቲቭ ነው፤ የሁለተኛው ሜጋ ድራይቭ ግን መሰኪያው አነስ ያለና መካከሉ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ «ገባ» በሚል ብቻ ከሌላ ዕቃ የተገኘ አዳፕተር መሰካት አይገባም፤ በላዩ የተጻፈውን ቮልትና ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ከጃፓን የመጣው አዳፕተር ለ100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የመጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። በአገራችን ያለው መሥመር 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ ከዘመድ በሻንጣ የመጣ መሣሪያ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ድምፅም እንዲሁ ከሁለት ወገን ይመጣል። የመጀመሪያው ሜጋ ድራይቭ በጀርባው በኩል የሚሰጠው ድምፅ ሞኖ ሲሆን፣ ስቴሪዮ የሚገኘው ከፊቱ ካለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነው። ከዚህ ቀዳዳ በሜጋ ሲዲ ጀርባ ወዳለው የድምፅ ማቀላቀያ ቀዳዳ አንድ ገመድ ይዘረጋል፤ የተቀላቀለው ድምፅ ከሜጋ ሲዲ ጀርባ በቀይና በነጭ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ማጉያ ይሄዳል። ሙዚቃው እየተሰማ የዝላዩና የተኩሱ ድምፅ ከጠፋ፣ የጎደለው ይህ የማቀላቀያ ገመድ ነው። ሁለተኛው ሜጋ ድራይቭ ከጀርባው ስቴሪዮ ስለሚሰጥ ይህ ገመድ አያስፈልገውም።

5. አጠቃቀምና የጨዋታ መዝገብ

መሣሪያው ያለ ካርትሪጅ ሲበራ የሜጋ ሲዲ ምልክት ይታያል፤ ስታርት የሚለው ቁልፍ ሲጫን የመቆጣጠሪያው ገጽ ይከፈታል። ከዚያ ጨዋታ መጀመር፣ ተራ የሙዚቃ ሲዲ ማጫወት ወይም የመዝገቡን ማስታወሻ ማየት ይቻላል። የጨዋታ ካርትሪጅ በላዩ ላይ ከተሰካ መሣሪያው ካርትሪጁን ያስቀድማል፤ ሲዲው አልሠራም ከማለት በፊት ይህን መመልከት ያስፈልጋል። እንዲሁም የመሣሪያው ቋሚ ፕሮግራም የሲዲውን አገር ስለሚመረምር፣ ለጃፓን የተሠራ ሲዲ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ መሣሪያ አይከፈትም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው 8 ኪሎባይቱ ማስታወሻ ነው። ሲዲ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ስለዚህ ሉናር እንደ ተባለው የ1992 ጨዋታ ያሉ፣ ለመፈጸም ብዙ ቀን የሚፈጁ ታሪኮች እስከ የት እንደ ተደረሰ የሚመዘግቡት በዚህ ማስታወሻ ላይ ነው። ማስታወሻው መሣሪያው በጠፋ ጊዜ የሚጠበቀው በውስጡ ባለ ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲያልቅ መዝገቡ ሁሉ ይጠፋል፤ መሣሪያውም በሚቀጥለው ጊዜ ማስታወሻው እንደ አዲስ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሰው ሳያነብ «አዎ» ይላል፤ ነገር ግን መሣሪያው ይህን መጠየቁ ራሱ ባትሪው ስለ መድከሙ ማስጠንቀቂያ ነው።

ለዚህ ችግር ሴጋ በካርትሪጅ ቦታ የሚሰካ 128 ኪሎባይት የሚይዝ የመዝገብ ካርትሪጅ ሠርቷል፤ ይህም ከውስጠኛው 16 እጥፍ ነው። ከመቆጣጠሪያው ገጽ መዝገቡን ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ይቻላል። ሆኖም ካርትሪጁም በባትሪ የሚኖር ስለ ሆነ፣ መዝገብን በሁለቱም ማኖርና ባትሪዎቹን በጊዜው ማስለወጥ ብልህነት ነው።

6. ማጠቃለያ

ዛሬ እነዚህ መሣሪያዎች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የሌዘሩ ብርሃን ይደክማል፤ በቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ያረጃሉ፤ ባትሪዎቹ ያልቃሉ። ከ2019 ወዲህ የሜጋ ሲዲን ሥራ በሙሉ በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ የሚፈጽሙ ዘመናዊ ዕቃዎች ስለ ወጡ፣ ጨዋታዎቹ ራሳቸው ይጠፋሉ ተብሎ አይሠጋም። ሊጠፋ የሚችለው መሣሪያውን የመያዝ ዕውቀትና በእያንዳንዱ ቤት ባለው 8 ኪሎባይት ላይ የተጻፈው መዝገብ ነው። ያን መዝገብ ከባለቤቱ በቀር ሌላ የያዘው የለም፤ ከጠፋም የሚተካው አይገኝም።

እንግዲህ አሮጌ ሜጋ ሲዲ የሚያገኝ ተማሪ ከማብራቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ኃይሉ ከየት ይመጣል? ድምፁ ከየት ወዴት ይሄዳል? መዝገቡስ በምን ይጠበቃል? የሦስቱም መልስ ከአንድ መሠረት ይነሣል፤ ይኸውም በፊቱ ያለው ዕቃ አንድ መሣሪያ ሳይሆን በጠባብ በር የሚነጋገሩ ሁለት መሣሪያዎች መሆኑ ነው።