‹መጠን› የሚለው ቃል የማይበቃበት ስፍራ፦ ስለ ሰንሰለትና ስለ ባለጥርስ መንኰራኵር ስያሜዎች

በቴክኒክ ጽሑፎች ትርጕም ተርጓሚን የሚያሳስቱት እንግዳ ቃላት ብቻ አይደሉም፤ ተራ መስለው የሚታዩትም ያሳስታሉ። ለዚህ ምሳሌ የምናደርገው በሞተር ብስክሌትና በመሳሰሉት አነስተኛ መሣሪያዎች ላይ ኀይል የሚያስተላልፈውን፣ ሐንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኘበትን ባለተንከባላይ ሰንሰለት ነው። በተለምዶ ‹ካቴና› ይባላል። ይህ ከጣልያንኛ የተወረሰ ቃል የእስረኛን የእጅ ብረትም ስለሚያመለክት፣ በጽሑፍ ‹ሰንሰለት› የሚለውን እንመርጣለን።

የመለዋወጫ ዝርዝር የሚተረጕም ሰው ‹የሰንሰለቱ መጠን› ብሎ ቢያልፍ አንባቢው ምን እንደሚለካ አያውቅም። መጠኑ በሦስት ልኬቶች ይታወቃልና። የመጀመሪያው ከአንዱ ፒን እምብርት እስከ ተከታዩ ፒን እምብርት ያለው ርቀት ነው። እንግሊዝኛው ‹ፒች› ይለዋል፤ ቃሉ ግን የድምፅን ቅላጼና ሬንጅ መሰል ጥቍር ነገርንም ስለሚያመለክት መዝገበ ቃላት ብቻውን አይረዳም። የጣልያንኛው ‹ፓሶ› እና የፈረንሳይኛው ‹ፓ› በቁሙ ርምጃ ማለት ናቸው። እኛም ‹ርምጃ› ብንለው ትርጕሙ ግልጽ ይሆናል። ሁለተኛው በውስጠኞቹ የጎን ብረቶች መካከል ያለው የውስጥ ስፋት፣ ሦስተኛው የተንከባላዩ ዲያሜትር ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ‹40›፣ ‹41› እና ‹08ቢ› የተባሉት ሰንሰለቶች ርምጃቸው አንድ ሲሆን 12.7 ሚሊሜትር ነው። ሆኖም የ‹41› ውስጥ ከ‹40› ይጠብባል፤ የ‹08ቢ› ተንከባላይ ደግሞ 8.51 ሚሊሜትር ሲሆን የ‹40› 7.92 ነው። ወፍራሙ ተንከባላይ ለቀጭኑ በተቈረጠ ጥርስ መካከል በሚገባ አይቀመጥም። ሰንሰለቱ በጥርሶቹ ላይ ይወጣል፤ ሊበጠስና ሰው ሊጐዳም ይችላል።

ቍጥሩም መለያ እንጂ ልኬት ስላልሆነ ወደ ሚሊሜትር አይለወጥም። በአሜሪካው ሥርዐት በ‹40› ውስጥ 4 የኢንች ስምንተኛዎችን ይቈጥራል፤ መጨረሻው 0 ከሆነ መደበኛ፣ 1 ከሆነ ቀላል፣ 5 ከሆነ ተንከባላይ የሌለው ነው። በ‹08ቢ› ግን 08 የኢንች ዐሥራ ስድስተኛዎችን ይቈጥራል። እንግዲህ ስለ ‹35› ሲጻፍ ‹የተንከባላይ ዲያሜትር› ማለት ስሕተት ነው፤ የሚለካው የቡሹ ዲያሜትር ነውና።

በሥራ ላይ የቈየ ሰንሰለት ‹ተለጠጠ› ሲባልም ብረቱ አልተለጠጠም፤ ፒኑና ቡሹ በመፋተግ ተበልተው ሰንሰለቱ ረዝሟል። ስለዚህ ከአንድ ርምጃ ይልቅ 10 ርምጃ ለክቶ ለ10 ማካፈል ይሻላል። አዲስ ሲሆን የ‹40› 10 ርምጃ 127 ሚሊሜትር ነው።

ለባለጥርስ መንኰራኵር የጥርሱ ብዛት፣ የጥርሱ ውፍረትና የዘንጉ ቀዳዳ ይጠቀሳሉ። ‹ዲያሜትር› ብቻ ብሎ መጻፍ አንባቢውን ወደ ጥርሱ ጫፍ ይመራዋል። ተፈላጊው ግን የተቀመጠው ሰንሰለት ፒኖች እምብርት የሚያልፍበት ‹የርምጃ ክብ› ነው፤ ርምጃው 12.7 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ 18 ሲሆን ዲያሜትሩ 73.1 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

እንግዲህ ተርጓሚ ‹መጠን› ብሎ ከመጻፉ በፊት የምን መጠን እንደሆነ ይጠይቅ። ርምጃ፣ የውስጥ ስፋት፣ የተንከባላይ ዲያሜትርና የርምጃ ክብ ተለይተው ከተሰየሙ አንባቢው ካሊፐሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል።